ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይስ ዴሊቨሪ አፕ? ለትንሽ ምግብ ቤት የሚያዋጣው የቱ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ቁርስ ቤት ወይም ጁስ ቤት የከፈተ ሰው ሁሉ፣ ከቤቱ ኬክ የሚሸጠውም ጭምር፣ አንድ ምክር አይቀርለትም፦ «ኦንላይን ግባ እንጂ!» የት እንደሚገባ ግን ማንም አይነግረውም። ስለዚህ ጎን ለጎን እንያቸው። የምመዝናቸው ወጪው ሁሉ ከወጣ በኋላ ኪስ ውስጥ በሚቀረው ብር ነው።

ቲክቶክ እና ቴሌግራም

ሁለቱም በነጻ ይከፈታሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ቲክቶክ የማያውቃችሁን ሰው ያመጣል። ፎሎወር ባይኖራችሁም ቪዲዮው ሰው ፊት ሊደርስ ይችላል። ስፕሪሱ ሲቀዳ፣ ክትፎው በቅቤ ሲለወስ፣ ብቻ ዓይን የሚይዝ ነገር ካላችሁ ሞክሩት። ችግሩ ያየው ሰው አዳማ ወይም ዱባይ ሊሆን መቻሉ ነው። እይታ ብቻውን ወንበር አይሞላም። ሰፈራችሁንና ዋጋውን ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት፤ ደንበኛ ያሸሻል።

ቴሌግራም ደግሞ አንዴ የመጣውን ያቆያል። ቻናላችሁ ውስጥ ያለ ሰው የለጠፋችሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ያገኘዋል። ለምግብ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ምናሌያችን በጾምና በፍስክ ይቀያየራል። ማክሰኞ ማታ የረቡዕን የጾም ምናሌ ጻፉ። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ሰዓት መምረጫ ይመጣል፤ ረቡዕ 5 ሰዓት ላይ እንዲወጣ አድርጉት። የቢሮ ሠራተኛ ስለ ምሳ ማሰብ የሚጀምረው ያኔ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ይህን ያለማቋረጥ ያደረገ ቤት ትንሣኤ ሲደርስ የለመደው ደንበኛ ይኖረዋል።

አዲስ የከፈታችሁ ከሆነ ቲክቶክን አስቀድሙና የቴሌግራም ቻናላችሁን ስም ቪዲዮው ላይ ጻፉ። ዓመት ያለፈው፣ ቋሚ ደንበኛ ያለው ቤት ግን ከቴሌግራም ቢጀምር ይሻለዋል። ለቪዲዮ ቀረጻ ሰው ከመቅጠሩ በፊት ማለቴ ነው።

ዴሊቨሪ አፕ እና የራስ ሞተረኛ

ብዙ ሰው ሂሳብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረውን ዴሊቨር አዲስን ጨምሮ እንደ ዜድሞል እና ቢዩ ዴሊቨሪ ያሉ አገልግሎቶች ምግባችሁን ብዙ ሰው በሚያየው ዝርዝር ውስጥ ያስገቡላችኋል። ሞተረኛ የመፈለግ ጣጣም ይቀርላችኋል። በምላሹ ከሽያጩ በመቶኛ የሚሰላ ኮሚሽን አለ። መጠኑ እንደየውሉ ስለሚለያይ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀት ይዛችሁ አስሉ።

እንዲህ እንበል። በየአይነቱ በ300 ብር ትሸጣላችሁ። ጥሬ ዕቃው፣ ጋዙ፣ የሠራተኛው ድርሻና ማሸጊያው 210 ብር ይፈጃል። ትርፋችሁ 90 ብር ነው። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ቢሆን 60 ብር ይሄዳል፤ በእጃችሁ የሚቀረው 30 ብር። ብዙ ሰው «በቃ 60 ብር ልጨምርበት» ብሎ አፑ ላይ 360 ይጽፋል። ግን ኮሚሽኑ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ስለሚቆረጥ 72 ብር ይሆናል፣ ትርፉም 78 ላይ ይቆማል። ያንን 90 ለማግኘት 375 ብር መጻፍ አለባችሁ። በ375 ብር የሚገዛችሁ አለ ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። ውሉ አፑ ላይ ከቤቱ ዋጋ በላይ መጻፍ የሚከለክል መሆኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቋሚ የምታውቁት ሞተረኛ ካለ የመንገዱን ዋጋ ደንበኛው ይከፍላል፣ ኮሚሽን የለም፣ የደንበኛው ስልክ ቁጥርም እናንተ ጋ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ የመጨረሻው ነው። ጉዳቱ ዝናብ ሲጥል ወይም ምሳ ሰዓት ላይ ሞተረኛው ስልክ አለማንሳቱ ነው። ያኔ ስድቡን የምትጠጡት እናንተ ናችሁ።

ምግቡም ይወስናል። ኬክ፣ በርገር፣ ደረቅ ጥብስ መንገድ ይችላሉ። ፍርፍር ሲደርስ ይላቁጣል፣ ስፕሪስም ተደበላልቆ አንድ ቀለም ይሆናል፣ ማኪያቶውማ አይነሳ። ጁስ ቤት ከሆናችሁ አፑን ለጊዜው እለፉት።

ቴሌብር እና የባንክ ዝውውር

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ያልለጠፈ ቤት ማግኘት ከባድ ሆኗል። የንግድ ባንክ ሂሳብም አብሮት ይለጠፋል። ሁለቱንም ያዙ፤ ደንበኛ መክፈል የሚፈልገው ባለው ነው። ለቴሌብር ግን የግል ቁጥር ከመለጠፍ የነጋዴ ቁጥርና ኪውአር ማውጣት ይመረጣል። ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ይዛችሁ ሂዱ። የቤት ወጪና የሥራ ገቢ ሳይቀላቀል ስለሚመዘገብ ማታ ሂሳብ መዝጋት ይቀላል።

የማጭበርበሩ ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው። ገንዘቡ መግባቱን የሚናገረው መልእክት ባለቤቱ ስልክ ላይ ይመጣል፣ ባለቤቱ ደግሞ መኖሪያ ቤቱ ነው ያለው። ካሸሯ የምታየው ደንበኛው የሚያሳያትን ስክሪንሾት ብቻ ነው። ስክሪንሾት ደግሞ ይቀነባበራል። የትናንቱንም ዛሬ ማሳየት ይቻላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለቤቱ የራሱ ሲም አውጡ፣ ተራ ስልክ ውስጥ ጨምሩና ካሸሯ ጋ አስቀምጡት። ለቴሌብር ከ127፣ ለባንክ ደግሞ ከባንኩ የመጣውን መልእክት ሳታይ «እሺ፣ ደርሷል» እንዳትል።

የቀሩት

ጉግል ማፕ ላይ ቤታችሁን መመዝገብ በነጻ ነው፣ ከሌላው ጋር ሳታወዳድሩ አድርጉት። «ከቀለበት መንገዱ ገባ ብሎ፣ ከቢጫው ሕንፃ ጀርባ» እያሉ በስልክ ከመምራት ሎኬሽኑን መላክ ይቀላል። ቦሌ አካባቢ ካላችሁ ደግሞ ከውጭ የመጣ እንግዳ የሚፈልጋችሁ እዚያው ላይ ነው።

ኪውአር ሜኑ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ምናሌ ላይ ስቲከር ከመደራረብ ያድናል። ሆኖም ማኪያቶ ሊጠጣ የገባ ሰው ዳታ አብርቶ ዋጋ አይፈልግም። አንድ የወረቀት ምናሌ አስቀሩለት።

ድረ ገጽ የሚያዋጣው ለሰርግና ለስብሰባ ምግብ ለምታቀርቡ ነው። ድርጅት ፕሮፎርማ ከመጠየቁ በፊት ስማችሁን ኢንተርኔት ላይ ሊፈልግ ይችላል፣ ሲፈልግም ምናሌ፣ ፎቶና ስልክ ያለበት አንድ ገጽ ይበቃዋል። ለቁርስ ቤት ግን ያንን ገንዘብ ለማሸጊያ አውሉት።