ለባህር ዳርቻ ጉዞ፦ በመኪና ሶኬት የምትሠራ የጎማ መንፊያ

ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ ለሚመለስ መኪና፣ ይህች የ12 ቮልት መንፊያ ከቅያሪ ጎማ ቀጥላ መጫን ያለባት ዕቃ ናት። አሸዋ ላይ ለመንዳት የጎማውን ንፋስ ወደ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ማስተንፈስ በጣም ይረዳል፤ ጎማው ተንሰራፍቶ ስለሚያርፍ ቶሎ አይሰምጥም። አስፋልት ላይ ከመፍጠን በፊት ግን በሾፌሩ በር ጠርዝ ወደተጻፈው ልክ መመለስ ግድ ነው፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

ሞተሩ ተነሥቶ ትሰካ፣ አለዚያ ባትሪ ታደክማለች። ትልቁ ጉድለቷ ሙቀት ነው፦ ሁለት ጎማ ነፍታ ስትጨርስ የቱቦዋ የብረት ጫፍ ጣት ያቃጥላል፤ ያኔ አጥፍታችሁ እስክትቀዘቅዝ አሳርፏት። የቫልቩ አፍ ላይ አሸዋ ከቀረ ንፋሱ «እስስ» እያለ ያመልጣል፤ ሳትገጥሙ ጥረጉት። ስትገዙ ገመዷ የኋላ ጎማ መድረሱን ለኩ።