ሴፕቲክ ታንክ፣ ሸንበቆ ወይስ ኩሬ? ለትንሽ ሰፈር ፍሳሽ የቱ ይሻላል

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አካፋ ያዙ። አንድ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ውሃ ሙሉበት፣ ይደር። ጠዋት እንደገና ሙሉና አቦሉ ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ ጠብቁ። ውሃው ፈቀቅ ካላለ የማስረጊያ ጉድጓድ፣ ማለትም ከታንኩ የወጣውን ውሃ ለአፈሩ የሚያጠጣው፣ ነገሩ ይቅርባችሁ።

እኛ ይህን አላደረግንም። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሴፕቲክ ታንክ ርካሽ ነው፣ ቦታ አይበላም ተባለና ገንዘብ አዋጥተን አስቆፈርን። በጋውን አብሽሩ አለን። ሐምሌ ላይ ግን ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ማስረጊያው ሞላና በክዳኑ ጠርዝ ጥቁር ውሃ አረፋ እየደፈቀ ይወጣ ጀመር፣ ከዚያ በእግር መንገዱ አድርጎ ቁልቁል ወደ ምንጩ። ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

ነገሩ የታንኩ ጥፋት አይደለም። ታንኩ ዝቃጩን ከታች ያስቀራል፣ ቅባቱን ከላይ ያንሳፍፋል፤ መሃል ያለው ውሃ ከነጀርሙ ይወጣል። ዋናውን የማጣራት ሥራ የሚሠራው አፈሩ ነው። አፈራችሁ ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ከሆነና የምትጠጡት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ከራቀ እሱኑ ውሰዱ። በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ግን መመጠጥ አለበት፤ መጣጭ መኪናው በክረምት ጭቃ ዳገታችሁን ይወጣል ወይ?

ሸንበቆው ታንኩን አያስቀርም፣ ከታንኩ ቀጥሎ ይመጣል። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጠጠር የተሞላ ገንዳ ነው፤ ሸንበቆ ወይም ፊላ ይተከልበታል። ውሃው ከጠጠሩ ሥር ስለሚሄድ ትንኝ አይራባበትም፣ ሽታውም ትንሽ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ያ እኛን ጉድ የሠራን ዋልካ እዚህ ይጠቅማል፤ በደንብ ከተጠቀጠቀ ወለሉ ውሃ አያሳልፍም። ወጪው ጠጠሩ ላይ ነው። ታጥቦ ካልገባ አፈሩ ይደፍነዋል፣ ያኔ ሁሉንም ዝቆ ማውጣት ነው። አጥሩንም እንዳትረሱ፣ ፍየል ለምለም ሸንበቆ አይታ አታልፍም።

ኩሬ፣ ማለትም ፍሳሹ ተኝቶ የሚጣራበት ክፍት ጉድጓድ፣ ከሁሉም ቀላሉ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ጀርሙን ፀሐይና ጊዜ ይጨርሱለታል። ሞቃቱ ሐርቡ አካባቢ ላለ፣ ሰፊ የወል መሬት ካለው፣ አሪፍ ነው። ደላንታ ብርድ ላይ ግን ሥራው ይዘገያል፤ ስለዚህ የበለጠ መሬት ይበላል። ዳር ዳሩ ሣር ከበቀለበትም የትንኝ ቤት ይሆናል።

በሞተር አየር የሚነፋውን ማሽን የሚያሻሽጡ ይመጣሉ። መብራት በየሳምንቱ የሚጠፋበት ሰፈር ምን ሊያደርግለት ነው? አየር ሲያጣ ፍሳሹን የሚበላው ባክቴሪያ ይዳከማል፣ ማሽኑም የቆመ ብረት ይሆናል።

እኛ አሁን ታንኩን ይዘን ከበታቹ ሸንበቆ እየጨመርን ነው። የሚወጣውን ውሃ ባሕር ዛፉ እንዲጠጣው ተስማምተናል። ሰላጣና ቃሪያ ላይ እናፍስሰው ያሉም ነበሩ፤ ጀርሙ ሁሉ አልወጣለትምና እሱን እምቢ ብለናል።