ከጓደኞች ጋር ለጎልፍ ጉዞ፦ ባንደን፣ ፓይንኸርስት፣ ሴንት አንድሩስ ወይስ ቤትፔጅ?

ለዓመታት ስታወሩበት የነበረው የጎልፍ ጉዞ ዘንድሮ ቁርጥ ሆኗል እንበል። አራት ወይም ስምንት ናችሁ። ፈቃድ ተሞልቷል፣ ገንዘብም ተጠራቅሟል። የቀረው ቦታ መምረጥ ብቻ ነው። ዓይን አዋጅ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የደረጃ ሰንጠረዥ ይከፍትና ከላይ የተቀመጠውን ይመርጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰንጠረዡ ሜዳውን ይለካል እንጂ የእናንተን ጓደኞች አያውቃቸውም። ከመካከላችሁ ጉልበቱን የሚያመው ማነው? በዚህ ዓመት እጁ ያጠረውስ? አንዱን ዙር (18 ጉድጓድ) በ120 ምት የሚጨርሰው ደካማስ? ጎበዙ ተጫዋች የትም ብትወስዱት ደስ ይለዋል። ጉዞው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው በሌላኛው ነው።

አንድ ጊዜ ካርት (የጎልፍ መኪና) በማይፈቀድበት ሜዳ ላይ ነበርን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዱ ጓደኛችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር አየሁት። ጎንበስ ይላል፣ ያቆማል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ጎንበስ ይላል። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያን ቀን ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ቦርሳውን አስቀምጦ ተመለሰ፤ እኛም ከዚያ በኋላ ልባችን ጨዋታው ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

አሁን ወደ አራቱ ቦታዎች። ሁሉም በዓለም ስማቸው የገነነ፣ ትልልቅ ውድድሮች የተካሄዱባቸው ወይም የጎልፍ ሰው ሁሉ የሚመኛቸው ናቸው። ደግሞም አባልነት አይጠይቁም። ኦገስታ ናሽናል ወይም ፓይን ቫሊ የሚባሉት የአሜሪካ የግል ክለቦች አባል ካልጋበዛችሁ በገንዘብም አይገባም። እነዚህ ግን ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ብቻ «ክፍት» የሚለው ቃል በአራቱም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

በሩ እንዴት ይከፈታል?

ስኮትላንድ ያለው የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ በዕጣ ነው። የከተማው ሕዝብ በዚያ መሬት ላይ ጎልፍ የመጫወት መብቱ በ1552 በወጣ ቻርተር ጭምር ታውቋል። ዛሬም ሜዳውን ሴንት አንድሩስ ሊንክስ ትረስት ያስተዳድረዋል። ለመጫወት ከሁለት ቀን በፊት ስማችሁን ታስገባላችሁ፤ ዕጣው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ከወጣላችሁ ትጫወታላችሁ፤ ካልወጣላችሁ በማግስቱ ትሞክራላችሁ። እሑድ ሜዳው ለጎልፍ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

ስምንት ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕጣ የሚገባው ከሁለት እስከ አራት ሰው በአንድ ስም ነው። ስለዚህ ለሁለት ትከፈላላችሁ። ለአራታችሁ ወጥቶ ለአራታችሁ ሊቀር ይችላል። የዚያን ምሽት እራት አስቡት። ይህን ስጋት የማትፈልጉ ከሆነ ከአንድ ዓመት አስቀድማችሁ በትረስቱ ዕውቅና ባላቸው አስጎብኚዎች በኩል መያዝ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከመደበኛው በብዙ ይርቃል። የሃንዲካፕ (የተጫዋች ብቃት መለኪያ) ማረጋገጫም ይዛችሁ ሂዱ፤ ይጠየቃል።

ኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ ላይ ያለው ቤትፔጅ ብላክ ደግሞ በተራ ነው። ሜዳው የግዛቱ መናፈሻ አካል ነው። የ2002 እና የ2009 ዩኤስ ኦፕን፣ የ2019 ፒጂኤ ቻምፒዮንሺፕና የ2025 ራይደር ካፕ የሚባሉት ታላላቅ ውድድሮች የተካሄዱት እዚህ ነው። ያም ሆኖ የግዛቱ ነዋሪ ከ100 ዶላር በታች ከፍሎ ይጫወትበታል። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ቢያንስ እጥፍ ይከፍላል፤ ከሌሎቹ ሦስት ጋር ሲተያይ ግን ይህም ቅናሽ ነው። ችግሩ ተራው ነው። አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚያዘው ሰዓት ወዲያው ያልቃል፤ ነዋሪዎችም ቀድመው የመያዝ መብት አላቸው። ያልተሳካለት ሰው ማታ መኪናውን ቁጥር በተጻፈበት ቦታ አቁሞ ውስጡ ያድራል። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚወዱትም አሉ።

ኦሪገን ያለው ባንደን ዱንስና ሰሜን ካሮላይና ያለው ፓይንኸርስት የሪዞርት ሜዳዎች ናቸው። እዚህ ዕጣም ተራም የለም። ክፍል ትይዛላችሁ፣ ከክፍሉ ጋር የጨዋታ ሰዓት ትይዛላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ ጊዜው ነው። በተለይ ባንደን ለበጋ ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ይሞላል። ስምንት ሰው በአንድ ቀን፣ ያለ ጭንቀት እንዲጫወት ከፈለጋችሁ ግን ከእነዚህ ከሁለቱ አትውጡ።

ባንደን ከፓይንኸርስት ጋር

እውነተኛው ፉክክር ይኼ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ባንደንን የመሠረተው በሰላምታ ካርድ ንግድ ገንዘብ ያገኘው ማይክ ካይዘር ነው። የመጀመሪያው ሜዳ በ1999 ተከፈተ። ፓሲፊክ ዱንስ በ2001፣ ባንደን ትሬይልስ በ2005፣ ኦልድ ማክዶናልድ በ2010፣ ሺፕ ራንች በ2020 ተከተሉ። አምስት ሙሉ ሜዳ ማለት ነው፤ ሁሉም በአንድ ግቢ። ሺፕ ራንች ላይ አንድም ባንከር የሚባል የአሸዋ ወጥመድ የለም፤ ነፋሱ ይበቃል ተብሎ ነው መሰለኝ። ዘጠኝ ግሪኖች (ጉድጓዱ ያለባቸው አጭር ሣሮች) ባሕሩ ላይ በተንጠለጠለው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል።

በባንደን ሁሉም በእግር ነው። የሕክምና ምክንያት ከሌለ ካርት የለም። አንድ ዙር ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ደግሞ በቀን አንድ ዙር ብቻ አይጫወትም። በተመሳሳይ ቀን ሁለተኛው ዙር በግማሽ ዋጋ ስለሆነ እግር እያመመም ልብ ይሄዳል። በበጋ አንዱ ዙር ለሪዞርቱ እንግዳ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ካዲ (ቦርሳ ተሸካሚና መካሪ) ከያዛችሁ ለእያንዳንዱ ቦርሳ ከ100 ዶላር በላይ በጥሬው ጨምሩ። ካዲ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ነፋሱ በበጋ ከሰሜን ይመጣል፤ 140 ያርድ የሚቀረውን ኳስ 180 እንደሚቀረው አድርገህ ምታ የሚላችሁ እሱ ነው። መጀመሪያ አታምኑትም። ከሦስተኛው ጉድጓድ በኋላ ግን የሚላችሁን ብቻ ታደርጋላችሁ።

ፓይንኸርስት ከ1895 ጀምሮ ያለ የጎልፍ መንደር ነው። ሪዞርቱ አሥር ሜዳ አለው። ዝነኛው ቁጥር 2 የሜዳ ነዳፊው የዶናልድ ሮስ ሥራ ነው፤ በ1907 ተከፈተ፣ ዩኤስ ኦፕንም በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024 ተካሂዶበታል። በ2024 አሜሪካዊው ተጫዋች ብራይሰን ዲሻምቦ በመጨረሻው ጉድጓድ 55 ያርድ ከሚርቅ ባንከር ኳሷን ጉድጓዱ አጠገብ አሳርፎ ያሸነፈው እዚህ ነው።

ቁጥር 2 ለደካማ ተጫዋች ከባድ ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ፌርዌዩ (ከመምቻው እስከ ግሪኑ ያለው የተከረከመ ሣር) ሰፊ ነው፣ ውኃ የለም ማለት ይቻላል፣ ኳስ የሚውጥ ረጅም ሣርም የለም። ከፌርዌዩ ውጭ ያለው አሸዋና የደረቀ ሣር ነው። ስለዚህ ጀማሪው ጓደኛችሁ በመጀመሪያው ጉድጓድ ባወጣት ኳስ 18ኛውን ሊጨርስ ይችላል። መከራው ግሪኑ ላይ ነው። እያንዳንዱ ግሪን የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ከሥር ሆናችሁ በስሱ ትመታላችሁ። ኳሷ ትወጣለች፣ ጫፉ ላይ ትቆማለች፣ ትንሽ ታመነታለች፣ ከዚያ ዞራ ተመልሳ እግራችሁ ሥር ትመጣለች። ከዚያ እንደገና። ለጀማሪ አንድ ምክር አለኝ፦ ከግሪኑ ውጭ ብትሆኑም በፓተር (ኳስን መሬት ለመሬት በሚያንከባልለው ዱላ) ምቱ። ባለሙያዎቹም ያደርጉታል።

ጉልበቱን ለሚያመው ጓደኛ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፓይንኸርስት ካርት አለ። ቁጥር 2 ላይ ካርቱ ከመንገዱ አይወጣም፤ ስለዚህ ትንሽ ያስኬዳል። ሌሎቹ ሜዳዎች ግን ቀለል ይላሉ። የደከመው ሰው ከሰዓት በኋላ ክሬድል የሚባለውን ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ትንሽ ሜዳ ይጫወታል። ርዝመቱ በጠቅላላ 789 ያርድ ነው። ስምንታችሁም አብራችሁ፣ ሁለት ሦስት ዱላ ብቻ ይዛችሁ፣ እየተሳሳቃችሁ ትዞሩታላችሁ። እኔ ለቡድን ጉዞ ከቁጥር 2 ይልቅ ክሬድልን የበለጠ እወደዋለሁ፤ ጎበዙና ሰነፉ እኩል የሚሆኑበት ሜዳ ስለሆነ።

ባንደንም ለዚህ መልስ አለው። ፕሪዘርቭ የሚባለው 13 ጉድጓድ ያለው አጭር ሜዳ ባሕሩን እያየ ይወርዳል፤ የተጣራ ገቢውም ለአካባቢ ጥበቃ ይውላል። ፓንችቦውል ደግሞ በፓተር ብቻ የሚጫወቱበት ሰፊ ሣር ነው፤ ለእንግዳ በነጻ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰው መጠጡን በአንድ እጁ ይዞ እዚያ ይሰበሰባል። ቁም ነገሩ እዚያ ለመድረስም መንገዱ ረጅም ነው። ከፖርትላንድ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቅርቡ አየር ማረፊያ ኖርዝ ቤንድ ነው፤ በረራው ግን ጥቂት ነው፣ ጭጋግም ያስተጓጉለዋል። ለፓይንኸርስት ራሊ-ደርሃም ላይ ታርፋላችሁ፤ ከዚያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው።

ከሜዳ መልስ

ጨዋታ ሁለት ነው፤ የሜዳው ጨዋታና የማታው ጨዋታ። ለማታው ሴንት አንድሩስን የሚያህል የለም። 18ኛው ጉድጓድ ከተማው ውስጥ ነው የሚያልቀው። ስዊልካን የምትባለውን ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ መንገደኛ አጥር ተደግፎ እያያችሁ፣ የመጨረሻዋን ኳስ ታስገቡና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መጠጥ ቤት ውስጥ ናችሁ። ጎልፍ የማይጫወት የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ አብሮ ከሄደ ያለ ጥርጥር ይህን ምረጡ። የፈረሰው ካቴድራል፣ ባሕር ዳርቻው፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ኤደንብራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከቡድኑ ጋር የቀረ ሰው አይሰለቸውም። ባንደን ግን ጎልፍ ለማይጫወት ሰው ይከብዳል።

ዋጋው በበጋ ኦልድ ኮርስ ላይ ከ300 ፓውንድ በላይ ነው። ዕጣው ባይወጣላችሁ በ1895 የተሠራው ኒው ኮርስ ጎኑ ነው፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ካርኑስቲም ወንዙን ተሻግሮ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ዘ ኦፕን የሚባለውን የብሪታንያ ታላቅ ውድድር ደጋግሞ ያስተናገደ ሜዳ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን ስላለ በቀን ሁለት ዙር ያለ ጥድፊያ ይቻላል።

ቤትፔጅ ላይ ረጅም ነገር የለኝም። ብላክ በእግር ብቻ ነው፣ ሰኞ ዝግ ነው፣ ሣሩ ወፍራም ነው፣ ባንከሮቹ ሰው ይውጣሉ። መጀመሪያው መምቻ ላይ ሜዳው እጅግ ከባድ እንደሆነና በጣም ለተካኑ ብቻ እንደሚመከር የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳውን እመኑት። አራት ጎበዞች ለሁለት ቀን፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ጉዞ ጋር አያይዛችሁ ከሆነ ግን በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ሜዳ አታገኙም። ደካማ ተጫዋች ካላችሁ እዚያው ግቢ ያሉትን ሌሎች አራት ሜዳዎች ይሞክር፤ ሬድ የሚባለው ራሱ ደስ ይላል።

እኔ ብሆን

አቅማችሁ የተለያየ ስምንት ሰዎች ከሆናችሁና የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ፣ ፓይንኸርስት። በሚያዝያ ወይም በጥቅምት ሂዱ፤ በጋው ይሞቃል። አራት ሆናችሁ ሁላችሁም በእግር የምትችሉና ከጎልፍ ሌላ ምንም የማታስቡ ከሆነ፣ ባንደን፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው፣ አልደብቅም። እጃችሁ ካጠረ ባንደንን በብርዱ ወራት እዩት፤ ዋጋው ከበጋው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ዝናብ ልብስ ግን ግዴታ ነው። ቤተሰብ ከተጨመረ ሴንት አንድሩስ፣ ቢያንስ አምስት ሌሊት። ዕጣውን ሦስት አራት ጊዜ ለመሞከር ቀን ያስፈልጋችኋል፤ ከመካከሉ አንዱ እሑድ እንዳይሆን።

ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት አንድ ሰው ቢቀር ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ይጠየቅ፤ በቡድን ጉዞ ላይ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጉልበቱን ለሚያመው ጓደኛችሁ ደውሉለት፦ «አራት ቀን በተከታታይ በእግር ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እችላለሁ» ቢላችሁም፣ ከመመለሱ በፊት ምን ያህል እንደዘገየ ልብ በሉ።