ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ የሚሆን ርካሽ ላፕቶፕ፦ በባህር ዳር የትኛው ያዋጣል?

ባህር ዳር ውስጥ ቀላልና ርካሽ ላፕቶፕ ፍለጋ የወጣ ሰው በተቀራራቢ ዋጋ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ካርቶኑ ያልተፈታ ትንሽ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው በዊንዶውስ ፈንታ በጉግል ክሮምኦኤስ የሚሠራው ክሮምቡክ፣ ሦስተኛው ደግሞ የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውበት ያሰናበቱት የቢሮ ላፕቶፕ ነው። የብር ቁጥር አልጠቅስም፤ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም።

ይህ ንጽጽር ኢሜይልና ቴሌግራም ለሚከታተል፣ ቅጽ በኢንተርኔት ለሚሞላ፣ ዜና ለሚያነብ፣ አልፎ አልፎ ቪዲዮ ለሚያይ፣ ከሁሉም በላይ ግን ለሚጽፍ ሰው ነው። መመረቂያ ጽሑፉን የያዘ የፔዳ ግቢ ተማሪ፣ መምህር፣ ሪፖርት አዘጋጅ፣ ከዘጌ ገዳማት ተመልሶ ለእንግዶቹ መልእክት የሚጽፍ አስጎብኚ ሊሆን ይችላል። ኦቶካድ በሚባለው የምህንድስና መሣያ ፕሮግራም የሚሠራ የፖሊ ግቢ ተማሪ ግን ሌላ ማሽን ይፈልጋል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል፤ ስለ ትውልዱ ከታች እመለስበታለሁ) ያለው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ክሮምቡክ ለአንዳንድ ሰው ከእርሱም ይሻላል። አዲሱን ባለ 4 ጊጋባይት ራም (የሥራ ማኅደረ ትውስታ) የዊንዶውስ ላፕቶፕ ግን ለወዳጄ አልመክርም።

አዲሱ ትንሽ ዊንዶውስ

አዲስ መሆኑ ይማርካል። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ይቀላል፣ ባትሪው ትኩስ ነው፣ ዋስትናም ይኖረው ይሆናል። ችግሩ ከሽፋኑ ስር ነው። በዚህ ዋጋ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን ኤን 4020 የመሰለ ባለ ሁለት ኮር (የማስላት ክፍል) ፕሮሰሰር፣ ከቦርዱ ጋር የተበየደ 4 ጊጋባይት ራምና ኢኤምኤምሲ የሚባል ዘገምተኛ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ማይክሮሶፍት ራሱ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ በሩ ደፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቴሌግራም፣ ክሮምና ዎርድ አንድ ላይ ሲከፈቱ መዳከሙ በግልጽ ይታያል፤ ጥቂት ዝማኔ ከወረደ በኋላ ደግሞ ማከማቻው ይጠብባል። ራሙ የተበየደ ስለሆነ ቆይቶ ልጨምርበት ማለትም አይቻልም።

አንዳንዶቹ ላይ ኤስ ሞድ የሚባል ገደብ አለ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት መደብር ውጭ የመጣ ፕሮግራም አይቀበልም፤ ፓወር ግዕዝን ከፍላሽ ልጫን ቢሉት እምቢ ይላል። ከኤስ ሞድ መውጣት በነጻ ይቻላል፣ ግን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል። የዊንዶውስ 11 ሆም የመጀመሪያ ማስነሻም እንዲሁ ኢንተርኔት ይጠይቃል። ስለዚህ የታሸገውን ይዘው ቤት ከመግባትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ያስነሱት።

ከዚህ ዓይነት ማሽን ሊታሰብ የሚችለው ኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና እውነተኛ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ያለው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤን 100 አራት ኮር አለው፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። በጥሩ ዋጋ ከተገኘ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይነካውም። ሻጩ ግን «ሴሌሮን ነው፣ ያው ነው» ካለዎት ያው አይደለም።

መብራትና ኔትወርክ

ጢስ ዓባይ ቅርባችን ነው፤ የጣና በለስ ማመንጫም ከዚሁ ሐይቅ በሚቀዳ ውሃ ነው የሚሠራው። መብራት ግን እዚህም ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪ እዚህ ከተማ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የክሮምቡክና የአዲሱ ትንሽ ላፕቶፕ ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው፦ ፕሮሰሰራቸው ለ6 ዋት ገደማ የተሠራ ነው፤ ያገለገሉት የቢሮ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ደግሞ ለ15 ዋት። ከክሮምቡኮቹና ከአዲሶቹ ትንንሾች ብዙዎቹ ማራገቢያም ስለሌላቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት እንኳን ድምፃቸው አይሰማም፤ አቧራም ወደ ውስጥ አይስቡም።

ያገለገለው ላፕቶፕ የሚሸነፈው በባትሪው እርጅና ነው። ሻጩን «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ቢሉት «እንደ አጠቃቀምዎ ነው» ይላል፤ መልሱ ውሸት አይደለም፣ ግን አይረዳም። ዊንዶውስ ውስጥ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትእዛዝ አለ። ሪፖርቱ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያል፦ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን። ለምሳሌ ያገለገለው የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 280 ባትሪ አዲስ ሳለ 48 ዋት ሰዓት ነበር። ሪፖርቱ 29 ካሳየ አርባ በመቶ ያህሉ ሄዷል። ማሽኑ ለጽሑፍ ሥራ 7 ዋት ያህል ቢስብ የቀረው ለአራት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ይህ ለእኔ ተቀባይነት አለው፤ ከ20 በታች ከሆነ ግን የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ያስቀንሱ።

ቲንክፓድ ቲ 480 ለመብራት ችግር የተሠራ ይመስላል። ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ውስጥ፣ ሌላው ከኋላ የሚወልቅ። የኋላው ሲያልቅ የውስጡ ማሽኑን ይዞ ስለሚቆይ ሳይጠፋ ሌላ ባትሪ መቀየር ይቻላል። ዋጋው ክብደቱ ነው፤ ከ1.6 ኪሎ አካባቢ ይጀምርና ትልቁን ባትሪ ሲያጠልቁለት ይጨምራል። ኤክስ 280 ደግሞ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱም በዩኤስቢ ሲ ይሞላሉ፤ ብዙ ክሮምቡኮችም እንዲሁ። ለስልክ የተገዛ ተራ ፓወር ባንክ ግን ላፕቶፕ አይሞላም፤ 45 ወይም 65 ዋት የሚሰጥ መሆን አለበት።

ወደ ኔትወርኩ ስንመጣ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የባህር ዳር ሰው አይረሳውም። ክሮምቡክ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ያለ ኢንተርኔት አይሠራም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። አንድ ጊዜ አካውንትዎን አስገብተው ከሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይከፈታል፤ ጉግል ዶክስም ከመስመር ውጭ እንዲሠራ አስቀድሞ ከተስተካከለ መጻፍ ይቻላል። «አስቀድሞ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። ማስተካከያው የሚደረገው ኔትወርክ ባለበት ቀን ነው። ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ማሽኑን አጽድተው እንደ አዲስ ልጀምር ቢሉ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አያስገባዎትም። ዎርድ ወይም ነጻው የጽሑፍ ፕሮግራም ሊብሬ ኦፊስ የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ከስልክ ዳታ እያካፈሉ የሚጠቀሙ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «የሚቆጠር» (metered) ብለው ይመዝግቡት። ካልሆነ ዝማኔው የሳምንቱን ጥቅል በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል።

አማርኛ መጻፍ

የውጭ ንጽጽሮች ይህን አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ግማሹ ጉዳይ ይህ ነው።

በፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ካለዎት ክሮምቡክን ይርሱት፤ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ክሮምቡክ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፣ በድምፅ የሚሄድ፤ ለወጣት እጅ ቶሎ ይለመዳል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሌላ አቀማመጥ ለጻፈ ጸሐፊ ግን ፈተና ነው። በዊንዶውስ ላይ ግን ፓወር ግዕዝም፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ መጻፊያም፣ በነጻ የሚገኘው ኪማንም ይሠራሉ። ኪማን የዊንዶውስ ነጻ አማራጭ በሆነው በሊኑክስም ላይ አለ።

ሁለተኛው ነገር የቆዩ ሰነዶች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ወደሆነው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬም በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት አሮጌ ፊደላት የተጻፉ ደብዳቤዎችና ቅጾች ይዞራሉ። እነዚህ ሰነዶች ፊደሉ በተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ሲከፈቱ አማርኛ ናቸው። ክሮምቡክ ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘራበት ገጽ ይሆናሉ። ከቀበሌ፣ ከፍርድ ቤት ወይም ከቆየ የመሥሪያ ቤት ማኅደር ሰነድ የሚቀበል ሰው ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። ይህ ነጥብ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል።

ሰነድ ከጉግል ዶክስ ወደ ዎርድ ሲሻገር ገጽ መቁረጫውና ሠንጠረዡ ቦታ የመቀየር ልማድ አለው። ክሮምቡክ የገዛ ተማሪ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞት የሚሄደው ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን፤ ዎርዱን በፍላሽ ሰጥቶ «እንዳለ አትሙልኝ» ማለት ዕድልን መሞከር ነው።

ክሮምቡክ ለማን?

እንዲህ ስል ክሮምቡክን የጠላሁት እንዳይመስል። በ4 ጊጋባይት ራም ዊንዶውስ እያቃሰተ የሚሠራውን እርሱ በቀላሉ ይሠራዋል፤ በሰኮንዶች ይነሳል፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው የዊንዶውስ ቫይረስም አይነካውም። ጽሑፉ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ወይም በዩኒኮድ አማርኛ ለሆነ፣ ቤቱ ወይም ግቢው ዋይፋይ ላለው፣ ሶፍትዌር መጫንና ማስተካከል ለሚሰለቸው ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ለእናትና ለአባት የሚገዛ ከሆነም ቅድሚያ እሰጠዋለሁ፤ በየወሩ «ኮምፒውተሩ ምን ሆነ?» ተብሎ የሚደወልልዎት እርስዎ ከሆኑ ምክንያቱ ይገባዎታል።

ሲገዙ ሁለት ወጥመድ ይጠብቁ። አንደኛው የዝማኔ ማብቂያ ቀን ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለወጡ ክሮምቡኮች 10 ዓመት ዝማኔ እሰጣለሁ ብሏል፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ግን ሞዴሉ ከወጣበት እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። ቀኑ በማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ክሮምኦኤስ በሚለው ስር ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ዕቃ መሆኑ ነው። ያገለገሉ ክሮምቡኮች ውስጥ ከውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የወጡ አሉ፤ ከትምህርት ቤቱ መቆጣጠሪያ ያልተለቀቀ ማሽን ቢያጸዱትም ተመልሶ የዚያኑ ትምህርት ቤት መግቢያ ይጠይቃል። ሻጩ ፊት አጽድተው በራስዎ አካውንት ይግቡ። ካልገባ ትተውት ይውጡ።

ያገለገለው ሲመረጥ

ስምንተኛ ትውልድ ያልኩበት ምክንያት ሁለት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ትውልድ የቀላል ላፕቶፕ አይ 5 (የኢንቴል የመካከለኛ ፕሮሰሰር ስም) ከሁለት ኮር ወደ አራት አድጓል። ትውልዱን ለማወቅ ከአይ 5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፦ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 7200 ከሆነ ሰባተኛ ነው። ሻጭ «አይ 5 ነው» ብሎ ሲያቆም ዋናውን አልነገረዎትም።

ከቲ 480 ሌላ ዴል ላቲቲዩድ 7490ና ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 የዚሁ ዘመን ናቸው፤ ሦስቱም ባለ 14 ኢንች ናቸው። ቦርሳ ውስጥ የማይከብደው ኤክስ 280 ባለ 12.5 ኢንች ነው፤ ራሙ ግን የተበየደ ስለሆነ ከመጀመሪያው 8 ጊጋባይት ያለውን ብቻ ይውሰዱ።

ሱቅ ውስጥ ኖትፓድ ይክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ። አረብኛ ፊደል የታተመበት ከሆነ አይጨነቁ፣ ለሥራው ለውጥ የለውም። ቲንክፓድ ከሆነ ሲነሳ ኤፍ 1 ተጭነው ባዮሱ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ይግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ማሽኑ ገና የቀድሞ ባለቤቱ ነው። ስክሪኑን ከጎን ይዩት፤ ቀለሙ ከተገለበጠ ርካሹ ዓይነት ነው። ተመሳሳይ ሞዴል ከጎን ሲታይ ቀለሙ በማይገለበጥ በአይፒኤስ ስክሪንና በ1920 በ1080 ጥራት ስላለ ያንን ይጠይቁ። ከሐይቁ ዳር ዋርካ ስር ተቀምጬ እጽፋለሁ ካሉ ልዩነቱ የዓይን ጤና ነው። በዚህ ረገድ ርካሽ ክሮምቡኮችም አዲሶቹ ትንንሾችም አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ጥላ ውስጥ እንኳን ያስቸግራሉ።

ገንዘቡ እስከዚህ ካልደረሰ ቲንክፓድ ኤክስ 270 አለ። ሰባተኛ ወይም ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበልም፣ ግን ባትሪው ከኋላ ይወልቃል፣ ራሙም ይቀየራል፤ እነዚህ ሁለቱ ኤክስ 280 የተነፈጋቸው ናቸው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትና ኪማን ከተጫኑበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ዛሬም ብቁ ነው። ክሮምኦኤስ ፍሌክስ የሚባለውን የጉግል ነጻ ሥርዓት መጫንም ይቻላል፤ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ግን አያስኬድም። ዋጋው ከኤክስ 280 በግልጽ ካልወረደ ግን አልወስደውም።