ከል ካወለቅኩ በኋላ ቀለሜን ያገኘችልኝ ልጅ

እናቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። ሙት ዓመቷን አውጥተን ከሌን አወለቅኩ። በማግስቱ ለሥራ ልለባበስ ቁም ሳጥኔን ከፈትኩና ቆሜ ቀረሁ። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሶ ለከረመ ሰው ቀለም እንግዳ ይሆንበታል። ሮዝ ሸሚዝ ሞከርኩ፣ ፊቴ ገረጣ። ነጭ ሞከርኩ፣ አመድ መሰልኩ። መልሼ ጥቁሩን ለብሼ ወጣሁ።

ልጄ ለካ ይህን ሁሉ ታይ ኖሯል። ለልደቴ ብላ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከለር አናሊሲስ የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ለሰው መልክ የሚስማማውን የልብስ ቀለም ትመርጣለች። ይህን የምጽፈው እሷን በአደባባይ ለማመስገን ነው። እናንተም እንድትሄዱላት ለመጠቆም።

እውነቱን ለመናገር ስሄድ ብዙም አልጠበቅኩም። ከዚያ በፊት በስልክ ፎቶ የሚሠራ አንድ አገልግሎት ሞክረን ነበር። ማታ ሳሎን መብራት ስር የተነሳሁትን ፎቶ ላክንለት። የሰውን መልክ በአራቱ ወቅቶች ስም ነው የሚመድቡት፤ «ዊንተር ነሽ፣ ጥቁርና ደማቅ ነጭ ልበሺ» የሚል መልስ መጣ። እኔ ደግሞ ልወጣበት የፈለግኩት ከዚያው ጥቁር ነበር።

ይቺ ልጅ ግን ገና ስትደውልልኝ ነገሯ ሌላ ነው። «እትዬ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ይምጡ። ፊትዎን ምንም አይቀቡ። የሚወዱትንም የማይወዱትንም ልብስ ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ስንደርስ ትልቅ መስኮት ፊት ለፊት አስቀመጠችኝና የቤቱን መብራት ሁሉ አጠፋች። የቤት አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ቢጫ ያደርገዋል። ፀጉሬን ቀለም ስለምቀባው በነጭ ሻሽ ሸፈነችው። ልብሴን ደግሞ በግራጫ ጨርቅ። የጆሮ ጌጤን አወለቅኩ። ማተብዎን ያውልቁ ግን አላለችኝም። በጣቷ ቀስ አድርጋ ከግራጫው ጨርቅ ስር ከተተችው። ልቤ የወደዳት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ጨርቆቿን አወጣች። መጀመሪያ ሁለት ቀይ። አንዱ የበርበሬ ቀይ ነው፣ ወደ ብርቱካን ያደላል። ሌላው ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ተራ በተራ አገጬ ስር ታደርጋቸዋለች። «ጨርቁን አይዩ፣ ከዓይንዎ ስር ያለውን ይዩ» ትለኛለች። ወይን ጠጁ ሲመጣ ከዓይኔ ስር ያለው ጥላ ጠቆረ፣ ከአፌ ግራና ቀኝ ያለው መስመር ጎላ። በርበሬው ሲመጣ ያው ጥላ ሳሳ። ሜካፕ የለ፣ መብራት የለ፤ የተቀየረው ጨርቁ ብቻ ነው። መልሰሽ አሳዪኝ አልኳት። ሦስቴ መላልሳ አሳየችኝ፣ አንዴም አልሰለቸችም።

እየሠራች ታስረዳለች። በቀን ብርሃን ልብስ ብርሃኑን መልሶ አገጭና አንገት ላይ ይጥለዋል። ዓይናችን ደግሞ አንድን ቀለም ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ነው የሚያየው። ይህን በደንብ ያጠናው ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን የግድግዳ ስጋጃ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደክሟል የሚል ስሞታ መጣበት። ቢመረምረው ክሩ ምንም አልሆነም። ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ስዊዘርላንዳዊ ሰዓሊ ዮሃንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ ለየራሳቸው የሚመርጡት ቀለም ከመልካቸው ጋር እንደሚዛመድ አስተዋለ። ሰውን በአራት ወቅት መመደቡ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። አሁን ብዙዎቹ አራቱን ለአሥራ ሁለት ከፍለው ይሠራሉ።

ልጅቷ ግን ሳይንስ ነው ብላ አልሸጠችልኝም። «የዓይን ልምድ ነው እትዬ። መስታወቱ ላይ ራስዎ ካላዩት አይመኑኝ» ነው ያለችኝ።

ስለ እኛ መልክ የነገረችኝን ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። አመዳደቡ ሲጀመር በነጭ ሰው መልክ ላይ የተሠራ ነው። ጥቁር ሰው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «ዊንተር» ብለው ያልፉት ነበር። የስልኩም መልስ ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። እኛ እኮ ጠይም፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ የምንል ሕዝብ ነን። ይህ ሁሉ ቃል ያለን ሰዎች ሁላችንም አንድ ቅርጫት ውስጥ እንዴት እንገባለን? እሷ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረችበት። ጠይምነት ከላይ የሚታየው ነው፤ ከቆዳው ስር ያለው ቀለም ሙቅም (ወደ ቢጫ ያደላ) ቀዝቃዛም (ወደ ሰማያዊ ያደላ) ሊሆን ይችላል። የእጅ ደም ሥር አይቶ መለየት የሚሉትም ለጠይም ሰው እምብዛም አያስተማምንም፣ ጨርቁን አጠገብ አድርጎ ማየት ይሻላል አለች። ልጄን ጎኔ አስቀመጠቻት። ሁለታችንም ጠይም ነን፣ ሰው ሁሉ ቁርጥ እናቷን ይላታል። ያ እኔን ያገረጣኝ ወይን ጠጅ እሷን አበራት። የእኔ በርበሬ ደግሞ የእሷን ፊት አደፈረሰው። ስንት ዓመት ስካርፍ ስንዋዋስ ኖረናል!

የወቅቶቹ ስም መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እነሱ «ዊንተር» ሲሉ በረዶና ጥርት ያለ ሰማይ ነው የሚያስቡት፤ የእኛ ክረምት ደመናና ጭቃ ነው። የእነሱ መፀውም እንደ እኛ አደይ አበባ አይደለም። «ጥቅምት ላይ እዚህ ሜሪላንድ የሚረግፈውን ቅጠል ያስቡ» አለችኝ። የእኔ እሱ ነው፣ ለስለስ ያለ መፀው። የወይራ አረንጓዴ፣ ደብዘዝ ያለ የእርድ ቢጫ፣ የጡብ ቀለም፣ ቡኒ። ነጭ ስፈልግ ደግሞ እንደ ወረቀት የነጣውን ትቼ ክሬም፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጣ ሳይደረግ ያለውን መልክ።

ጥቁሩን መጨረሻ ላይ አመጣችው። ከል ላይ እንደነበርኩ ልጄ ነግራት ኖሮ «ላሳይዎት ወይስ ይቅር?» ብላ አስቀድማ ጠየቀችኝ። አሳዪኝ አልኳት። አገጬ ስር ስታደርገው ያን ዓመት ሙሉ መስታወት ላይ የማውቃትን ሴት አየሁ። ሐዘኑ ብቻ መስሎኝ ነበር። «ለቅሶ ቤት ጥቁር ይለብሳሉ፣ ወግ ነው፣ እዚያ ማማር አይታሰብም። ለሌላ ቀን ሱሪና ቀሚስ ያድርጉት፣ ከፊትዎ ይራቅ» አለችኝ። የቀሩትን ልብሶቼንም እንዲሁ አንድ በአንድ አየችልኝ። ይሄን ይጣሉ፣ ያንን ይግዙ አላለችም። እንደውም ከወሰድኳቸው አሥር ልብሶች ሰባቱን በምን አድርጌ እንደምለብሳቸው አሳየችኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ የነካሁትን ሁሉ «ያምርብዎታል» እያሉ ሲያስገዙኝ ለኖርኩት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልንወጣ ስንል ቦርሳዬ ውስጥ የእናቴን ነጠላ አየች። ለማስመረጥ አልነበረም የያዝኩት፣ ዝም ብሎ አብሮኝ ነው የሚዞረው። «ይፈቅዱልኛል?» ብላ አወጣችውና ትከሻዬ ላይ አደረገችው። ጥለቱ ቡኒና ወይራ አረንጓዴ ነው፣ በመሃሉ ቀጭን የእርድ ቢጫ ያልፍበታል። ትንሽ ዝም አለች። «ይሄን ማን መረጠልዎት?» አለችኝ። እናቴ ለራሷ ያሠራችው ነው አልኳት። «የእናትዎን መልክ ነው የያዙት» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ። ውሃ አምጥታልኝ፣ ቀጣዩን ሰው ደውላ አዘግይታ፣ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ሳዝ የጥለቱን ክር እሷው መረጠችልኝ። የስልክ ፎቶ ቀለም ይቀይራል ብላ የክሩን ቁራጭ በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ላክሁት። ቀሚሱ ሲመጣ ክሩን አጠገቡ አድርጌ መስኮት ላይ አየሁት። ልክ ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ይህን እወቁ። የምትሠራው ቤቷ ስለሆነ ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የማታ ቀጠሮ የላትም። ቀኑ ደመና ሆኖ ከጨለመም ደውላ ወደ ሌላ ቀን ታዛውረዋለች፣ በዚህ አትቀየሟት። እናታችሁን ወይም ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን ሲታይ ይበልጥ ይገባል።

ልጄ፣ እግዜር ያክብርሽ። የእናቴን ነጠላ ለትንሣኤ ለብሼው ነበር።