«1942»፦ ዛሬም የሚፈትን የአየር ውጊያ ጨዋታ

የጃፓኑ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ ባሕሩና ደሴቱ ከላይ ወደ ታች በሚፈስበት ስክሪን ላይ ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን እያበረርን በፓስፊክ ሰማይ 32 ምዕራፎችን እንድናልፍ ይጠይቀናል። ከሁሉም አብልጬ የምወድለት፣ ጥይት ከየአቅጣጫው ሲያጣብበን አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተገልብጦ የሚያመልጥበትን ስልት ነው፤ ቁጥሩ የተወሰነ በመሆኑ፣ አሁን ልጠቀምበት ወይስ ለባሰው ላቆየው የሚለው ውሳኔ እያንዳንዷን ቅጽበት ያከብዳታል። በቡድን የሚመጡትን ቀያይ አውሮፕላኖች አንድም ሳያስመልጥ የመታ ተጫዋች፣ የተኩስ አቅሙን የሚያሳድግ ወይም በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ አጃቢዎችን የሚያሰልፍ ሽልማት ያገኛል። የሚደጋገመው ፉጨትና የከበሮ ምት ግን በእርግጥ ያሰለቻል፤ ድምፁን ቀንሶ መጫወት ይሻላል። ግዙፎቹ ቦምብ ጣዮች ከኋላ ብቅ ስለሚሉም፣ ከስክሪኑ ግርጌ ተጠግቶ መቆየት አያዋጣም።