«ጌጡ ይሸፍነዋል»፦ የአሮጌ ቤት ጥገናንና የበዓል ማስዋብን በአንድ ውል ስለሚሸጡ ሰዎች

በዓል በተቃረበ ቁጥር የአሮጌ ቤት ባለቤቶችን እያፈላለገ «ጥገናውንም ማስዋቡንም በአንድ ውል፣ ለበዓሉ አድርሼ አስረክባለሁ» የሚል ሥራ ተቋራጭ ካጋጠማችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ቀብድ እንዳትከፍሉ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ የወደቀው የልስን ፍርስራሽ እንኳ ገና አልተጠረገም። ይሁንና ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትንና ከዚያ በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ግድግዳውን ከፍተው ያሳዩኝን ብቻ ነው።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። በስልኩ ይዟቸው የሚዞራቸው ፎቶግራፎች በሙሉ በመብራት ያሸበረቁ በረንዳዎችና ሳሎኖች ናቸው፤ አንድም የተከፈተ ግድግዳ፣ አንድም የተነሣ ኮርኒስ አታዩባቸውም። ቤቱን ሲጎበኝ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል፤ ጣሪያው ላይ ግን አይወጣም፣ የግድግዳውንም ግርጌ ጎንበስ ብሎ አያይም። ቀብዱን እስኪቀበል ድረስ በየቀኑ የሚደውለው እርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ።

የእኔ ቤት ግድግዳው በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ በሮቹና መስኮቶቹ ጣውላ የሆኑ አሮጌ ቤት ነው። የተጎዳው በዋናነት አንዱ የሳሎን ጥግ ነበር። በላዩ ያለው አሽንዳ ተበስቶ የዝናቡን ውሃ ለረጅም ጊዜ በግድግዳው ላይ ሲለቅበት ስለኖረ፣ ልስኑ አብጦና ከኮርኒሱ ሥር እስከ ወለሉ ድረስ ተሰንጥቆ ነበር። በውሉ ላይ የሰፈረው ሥራ ምንም አሻሚ ነገር አልነበረበትም፦ አሽንዳው ይቀየራል፤ የላላው ልስን እስከ ድንጋዩ ድረስ ይነሣል፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ በኖራ ተመልሶ ይለሰናል፤ የመስኮቶቹ አሮጌ ቀለም ተልጦ ይታደሳል፤ በመጨረሻም ሳሎኑና በረንዳው በመብራት፣ በጨርቅና በቅጠል ጉንጉን ይዋባሉ።

«በኖራ» የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያስገባሁበትም ምክንያት አለኝ። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚባለው የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት፣ በብዙ ቦታም ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ፣ የድንጋይ ግድግዳ የሚያያዘውና የሚለሰነው በኖራ ነበር። እንዲህ ያለ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት በልስኑ በኩል ቀስ በቀስ መልሶ ወደ አየር ያወጣል። በላዩ ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን ሲለጠፍበትና በፕላስቲክ ቀለም ሲታሸግ ግን መውጫ ያጣው እርጥበት ወደ ጣውላው ይሄዳል፣ ቀለሙን ያሳብጣል፣ ጨውን እየገፋ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ኖራ ደግሞ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ፣ በስስ በስሱ ይለሰናል፣ በእያንዳንዱ ድርብ መካከልም ጊዜ ይፈልጋል። ሲሚንቶ እንኳ ቢሆን ቀለም ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ያህል እንዲቆይ መምከር የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው ሰውየው «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ኖራ ነው የሚያስፈልገው» እያለ በደስታ ሲስማማ ነበር። ይህችን ቃሉን አስታውሱልኝ።

ሥራው የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ይህ ለማንም አዲስ አይደለምና አላትትበትም። ወጣቶቹ በመጡ ጊዜ መጀመሪያ የነኩት አሽንዳውን ሳይሆን መስኮቶቹን ነበር፤ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው አሮጌውን ቀለም በደረቁ መፋቅ ጀመሩ። ሳሎኑ በአቧራ ተሞላ፤ ልጆችም በቤት ውስጥ ነበሩ። የአሮጌ ቤት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት እንደሚችል፣ ስለዚህም በደረቁ መፋቅ እንደሌለበት ማንኛውም ቀቢ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። የሕንፃዎችን ውስጥ በነጭ እርሳስ መቀባትን የሚከለክለው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 የወጣ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሰውነት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ሥራውን እንዲያቆሙና ቢያንስ እያረጠቡ እንዲፍቁ ስጠይቃቸው፣ አንደኛው «አለቃችን ቶሎ በሉ ብሎናል» አለኝና ፍቀቱን ቀጠለ።

ነገሩ የለየለት በበዓሉ ዋዜማ ነው። እንግዶች ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ሳሎን ስዘልቅ፣ ከወጣቶቹ አንዱ መሰላል ላይ ቆሞ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እየቀደደና እየጨማደደ በስፓቱላ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ሁለተኛው ከታች ሆኖ በባልዲ ያቦካውን ጅብሰም ያቀብለዋል። ልስኑ አልተነሣም፤ ድንጋዩ ብርሃን አላየም፤ የሲሚንቶ ከረጢት በቤቴ ውስጥ ምን እንደሚሠራም በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ፤ የጥጉን የታችኛውን ክፍል እኔ በሌለሁበት በሲሚንቶ ለስነው፣ ሳይደርቅ ቀለም ቀብተውት ነበር። ጅብሰሙ ገና ካልደረሰበት የስንጥቁ ክፍል ላይ ከከረጢቱ ወረቀት የታተሙ ፊደላት ተቆርጠው ይታዩ ነበር።

ሰውየው ራሱ የዚያን ቀን መጥቶ ስለነበር፣ ሶፋዬ ላይ ተደላድሎ ስልኩን ይነካካል። «ይህ ምንድን ነው?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ለእኔ መልስ በመስጠት ፈንታ መሰላሉ ላይ ያለውን ልጅ «ጨርቁን እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ሳበው» አለው። ልጁ ከኮርኒሱ ሥር የተንጠለጠለውን የጌጥ ጨርቅ ሳበው፤ ስንጥቁም፣ ወረቀቱም፣ ያልደረቀው ጅብሰምም ከዓይን ጠፉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ በበዓል ቀን ግድግዳ የሚመረምር እንግዳ አለዎት እንዴ? ጌጡ ይሸፍነዋል» ያለኝ። ወጣቶቹ ሳቁ።

ውሉን አንሥቼ ኖራ የሚለውን መስመር አሳየሁት። አላነበበውም። «ኖራ እስኪደርቅ ብንጠብቅ ኖሮ በዓሉን በተላጠ ግድግዳ ነበር የሚያሳልፉት፤ እኛ እኮ ከዚያ ነው ያዳንንዎት» አለኝ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ቢያንስ ይደነግጣል፣ ሰበብ ይፈልጋል፣ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ያላክካል። ይህ ግን ውለታ እንደዋለልኝ ሰው ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ደግሞም ልብ በሉ፤ ኖራ ጊዜ እንደሚወስድ አላወቅሁም አላለም። ያውቅ ነበር። ቀብዱን ሲቀበል፣ «ልክ ነዎት ጋሼ» ሲለኝ፣ ቀኑን ቆርጦ ሲፈርም፣ የተዋዋልነው ጥገና በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ እንደማይችል እያወቀ ነው። በስሌቱ ውስጥ ጥገና የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ የነበረው ጨርቅና መብራት ነው።

አከፋፈሉንም አስልቶታል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው «የማስዋቡ መብራት ሲበራ» ነው የሚል መስመር በውሉ ላይ ነበረ፤ ስፈርም ተራ ነገር መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ደጃፍ ሲደርሱ ሰውየው የክፍሉን መብራት አጥፍቶ የጌጡን መብራት አበራ። በዚያ በተሸፋፈነ ብርሃን ውስጥ ማንኛውም ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ማንኛውም ቀለም የተስተካከለ ይመስላል። ቤተሰቡ በአድናቆት ሲያጨበጭብ ሰውየው የርክክብ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን በዘመዶቼ ፊት ዘረጋልኝና «ጋሼ፣ እንግዶችዎን አቁመን እንዳናቆይ ቶሎ እንጨርስ» አለኝ። በበዓል ዋዜማ፣ አዛውንት በር ላይ ቆመው እያዩ፣ ስለ ልስን የሚከራከር ሰው ምን ሊመስል እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርሱ ጠንቅቆ ያውቃል። ፈረምሁ፤ ከፈልሁም።

ጌጡ ከወረደ በኋላ የታየውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጅብሰሙ እርጥበት ጠጥቶ በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ወረቀት ሻጋታ አብቅሏል። በሲሚንቶ የተለሰነው የታችኛው ክፍል ላይ ቀለሙ ፊኛ ሠርቶ ነጭ ጨው እየተፋ ነው። አሽንዳው አልተቀየረም፤ ቀዳዳው በሲልከን ተደፍኖ ከላዩ ቀለም ተቀብቷል፣ ሲልከኑም ተላቅቋል። የመብራቱን ገመድ ለመወጠር የጣሪያውን ቆርቆሮ በሚስማር ስለበሱት፣ አንድ ማፍሰሻ የነበረው ጣሪያ አሁን በየቦታው ያፈሳል። የቅጠል ጉንጉኑን የሰቀሉበት ሚስማር ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈውን የመስኮት ጣውላ ለሁለት ሰንጥቆታል፤ እንደዚያ ያለ ጣውላ ዛሬ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አናጢ እስካሁን አላገኘሁም።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። የጌጥ መብራቶቹን በሙሉ፣ አንዱን ማራዘሚያ በሌላው ላይ እየሰኩ፣ ከአንድ አሮጌ ሶኬት አስነሥተዋቸው ነበር። ጭነቱ ሲበዛ ብሬከሩ መብራቱን እያቋረጠ ሲያስቸግራቸው፣ 10 አምፔር የነበረውን አውጥተው 20 አምፔር አስገቡበት፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ይህን ያገኘው ለሌላ ሥራ የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ሲሆን፣ ማከፋፈያውን ከፍቶ ካየ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቅቶት ነበር። ብሬከር የሚመረጠው በግድግዳው ውስጥ ባለው ሽቦ አቅም ነው፤ ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲጫን ቀድሞ እንዲያቋርጥ የተቀመጠውን ነገር በትልቅ መተካት ማለት፣ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ሲግል የሚያስቆመው እንዳይኖር ማድረግ ነው። የጎማ ሽፋኑ በእርጅና በሚፈረፈርበት ቤት ውስጥ፣ ከጣውላና ከጌጥ ጨርቅ አጠገብ። እኛ በዚያ ሌሊት መብራቱን እንዳበራን ነው የተኛነው።

ስልክ ደወልሁለት። የመለሰልኝን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ቤቱ አልተዋበም እንዴ? እንግዳ ሁሉ ሲያደንቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የርክክቡን ወረቀት ደግሞ ራስዎ ነዎት የፈረሙት።» ግድግዳው ከነወረቀቱ እየወደቀ መሆኑን ስነግረው «አሮጌ ቤት እኮ ነው፣ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ለመጠየቅ አልረሳም፤ ጨርቁና የመብራት ገመዶቹ የኪራይ ስለሆኑ አጣጥፌ እንዳስቀምጥለትና ልጆቹ መጥተው እንደሚወስዷቸው፣ የጎደለ ነገር ካለም እንደምጠየቅበት አሳሰበኝ።

ለምትጠነቀቁ ሰዎች የምለው ብዙ አይደለም። ጥገናውንና ማስዋቡን ለተለያዩ ሰዎች ስጡ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሸፍንበት ምክንያት አይኑረው። ማንኛውም ጌጥ ከመሰቀሉ በፊት ግድግዳውን በቀን ብርሃን አይታችሁና ፎቶግራፍ አንሥታችሁ የጥገናውን ርክክብ ለብቻው ጨርሱ፤ ከክፍያውም ጥቂት የማይባለውን ቢያንስ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ድረስ ያዙ። ለበዓሉ የማይደርስ ከሆነ አይድረስ፤ ስንጥቁ እንደተከፈተ እንግዳ ይግባ። ከሰውየው ጋር የተዋዋላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ማከፋፈያውን በኤሌክትሪሺያን አስከፍቱና በየብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስመርምሩ።